ወረንጦ የደረሳቸው ሴት

መርሳ ከተማ ጤና ረዳት ሆኜ ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ካለፈ ሁለት ክረምት ሆኖታል። የመጣሁት ከሸዋ ስለሆነ በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረም። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ከሥራ ስመለስ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ የሚያልፈውን ሰው አያለሁ። ወላጆቻችን ሞተዋል። አንድ ያለኝ ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ደብዳቤ አልጻፈልኝም።

በዚያ ዓመት አንድ የዓይን ሐኪም ከአዲስ አበባ መጡ። በመርሳ ዙሪያ ባለው በሐብሩ ገጠር ማዝ የሚሉት የዓይን በሽታ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። በሽታው ሲቆይ የዓይንን ቆብ ያኮማትረዋል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ዓይንን ይፍቃል፤ ሲፍቅ ሲፍቅ ያሳውራል። ፀጉሩ በብዛት የታጠፈበት ሰው ቆቡን መቀደድና መሰፋት እንዳለበት የታወቀ ነው። ሐኪሙ ሊያጠኑ የመጡት ሁለት ሦስት ፀጉር ብቻ ስለታጠፈባቸው ሰዎች ነበር። ለእነዚህ ቀዶ ጥገናው ይሻላል ወይስ ፀጉሩን በየጊዜው በወረንጦ መንቀል?

«እኔም አላውቅም፤ እስካሁን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም» አሉኝ። «ስለዚህ በዕጣ እንከፍላቸዋለን።»

ቀዶ ጥገናውን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ራሳቸው ሠርተው ጨረሱ። ወረንጦው ለእኔ ተተወ። በየሁለት ሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞርኩ እነቅላለሁ፣ ዓይናቸውን በባትሪ እመረምራለሁ፣ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ሐኪሙ ሲሄዱ ጠበቅ አድርገው ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ነው።

«የዓይኑ ጥቁር ላይ ነጭ ነጥብ ካየሽ በዚያው ቀን ጻፊልኝ። ያ ሰው ከጥናቱ ወጥቶ በአስቸኳይ ይሠራለታል።»

ዕጣው በወጣ ቀን፣ ከውርጌሳ በላይ ካለች መንደር የመጡት ባልቴት ዕጣቸው ያለበትን ፖስታ ሲከፍቱ አጠገባቸው ነበርኩ። ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ።

«ወረንጦ ነው የደረሰዎት፣ እማማ።»

«እኔ እኮ መቀደዱን ብዬ ነው የመጣሁ» አሉ።

«ዕጣ ነው።»

«ዕጣው ከአላህ ከሆነ እሺ። ከወረቀት ከሆነ ግን ልጄ፣ ወረቀት ምን ያውቃል?»

ይዟቸው የመጣው ልጃቸው ሳቀ። «እማ፣ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ያሉት ባለሙያዎችም ማሽላውን እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። አንዱን መደብ እንዲህ፣ ሌላውን እንዲያ አርገው ይዘሩና የቱ እንደበለጠ ያያሉ።»

ባልቴቷ ግን አልሳቁም። «ማሽላው ታዲያ ተጠይቆ እሺ ብሏል?»

እኔም ደግሜ ጠየቅኳቸው። ካልፈለጉ መተው እንደሚችሉ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰብ አድርገው «ቤቴ ድረስ የምትመጪ ከሆነ እሺ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ውርጌሳ በመኪና እሄድና ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። ሌሎቹ ሰዎች ሥራዬን እስክጨርስ ታግሠው፣ መርቀው ይሸኙኛል እንጂ ቁጭ በይ አይሉኝም፤ ከሩቅ ሲያዩኝ «ነቃይዋ መጣች» ይባባላሉ። እሳቸው ግን ገና ከአጥሩ ማዶ ድምፄን ሲሰሙ ቁርበት ያነጥፉልኛል። ፊታቸውን ወደ ብርሃን አዙረው ሲቀመጡ እኔ ከስንዝር በማይርቅ ቦታ ሆኜ ዓይናቸው ውስጥ አያለሁ። በዚያን ዘመን ለሰው ፊት ያን ያህል የምቀርበው ለሥራ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ፀጉሩን ነቅዬ ቅባቱን ስቀባቸው እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«መርሳ ላይ ማን አለሽ?»

«ወንድሜ አለ። እየመጣ ይጠይቀኛል» አልኩ።

«መቼ መጣ?»

የቅባቱን ክዳን መዝጋት ያዝኩ። «አብሽሪ» አሉኝ፤ አይዞሽ ማለታቸው ነው። ሌላ አልጠየቁኝም። ስሄድ የተጠበሰ የማሽላ እሸት በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። መንገድ ላይ እየበላሁ፣ ሳላውቀው እንባዬ ይወርድ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንቱን የምቆጥረው የእሳቸውን ቀን እየጠበቅኩ ሆነ።

ኅዳር ላይ ነው ነጥቧን ያየኋት። ቀኝ ዓይናቸው ላይ፣ ከጥቁሩ ጠርዝ፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ነጭ ነገር። ባትሪዬን አጥፍቼ እንደገና አበራሁ። ነጥቧ እዚያው አለች።

«ምን አየሽ?» አሉኝ።

«ምንም፣ እማማ። ደህና ነው።»

መዝገቡ ላይም «ደህና» ብዬ ጻፍኩ። የብርሃን ነጸብራቅ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ግን በዚያው ሰዓት አውቀዋለሁ። ነጥብ ብዬ ከጻፍኩ ደሴ ሄደው ይሠራላቸዋል፤ ከጥናቱ ይወጣሉ፤ እኔን ወደዚያ ዳገት የሚያወጣኝ ምክንያት አይኖርም። በሁለት ሳምንቱ ስመለስም ነጥቧ ነበረች፤ እንደገና «ደህና» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ሁለት ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው ነጥቧ ምስር አክላለች። ግራ ዓይናቸውን በመዳፍ ሸፍነው የሹካ ጣት የመሰለው ምልክት ያለበትን የዕይታ መለኪያ ካርድ ሳሳያቸው፣ ምልክቱ ወደ የት እንደሚያመለክት በጣታቸው መጠቆም አቃታቸው።

«ጭስ ገባብኝ መሰል» አሉ። ቤት ውስጥ እሳት አልነደደም ነበር።

በዚያው ቀን ለሐኪሙ ጻፍኩ። ወደ ሰሜን፣ የጦር ሜዳ ቁስለኞች ወዳሉበት ተልከው ኖሯል፤ ደብዳቤው ሳያገኛቸው ቀረ። መልስ ስጠብቅ ሳምንት አለፈ። ከዚያ በላይ መቆየት አልቻልኩም። የሁለት ቀን ፈቃድ ለመንኩ፤ ልጃቸው ከቀበሌ መሸኛ ወረቀት አወጣላቸው፤ እጃቸውን ይዤ አውቶቡስ ላይ ወጣን። መንገዱን ሙሉ ትከሻዬ ላይ ተደግፈው ተኙ።

ደሴ የነበሩት የዓይን ሐኪም የሁለቱንም ዓይን ቆብ ሠሩላቸው። ሲጨርሱ ወደ ኮሪደሩ ጠሩኝ።

«ግራው ይተርፋል። የቀኙ ጠባሳ ግን ብሌኑን ሸፍኖታል። ከወር በፊት ብታመጫቸው ኖሮ እዚያ ባልደረሰ።»

«አዎ» አልኩ።

ከአሥር ቀን በኋላ ስፌቱን ልፈታላቸው ወደ መንደራቸው ወጣሁ። ቁርበቱ ተነጥፏል። የመጀመሪያዋን ክር ቆርጬ ሳብኩና መቀሱን አስቀመጥኩ።

«ምነው ልጄ?»

ነገርኳቸው። መቼ እንዳየሁ፣ ምን ብዬ እንደጻፍኩ፣ ለምን እንደደበቅኩ። ሳላስተባብል ተናግሬ ጨረስኩ። ልጃቸው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ሊናገር ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«ስፌቱን ጨርሺ» አሉኝ።

ጨረስኩ።

«እኔ ምን አየሽ ብዬ ጠይቄሽ ነበር» አሉ። «አፍ አውጥቼ ጠይቄሻለሁ። ብቻሽን መሆንሽን ያወቅኩት በመጀመሪያው ወር ነው። ነይ ለማለት ዓይኔ መታመም ነበረበት? ዝም ብለሽ ብትመጪ ማን ይመልስሽ ነበር?»

ይህን የመሰለ ነገር አስቤው አላውቅም ነበር። ያለ ወረንጦና ያለ መዝገብ ሰው ቤት መሄድ እንደሚቻል።

«አሁን ሂጂ» አሉኝ። «ዛሬ ልሸኝሽ አልችልም።»

ለአዲስ አበባው ሐኪም ሁሉንም ጻፍኩላቸው። ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ ሁለቱንም «ደህና» በቀይ ቀለም ሰርዤ ያየሁትን እንድጽፍ፣ ከሥሩ እንድፈርም፣ ሥራዬን እንድቀጥል። ከሥራ ቢያስወጡኝ ይቀለኝ ነበር። ቀይ ቀለሙ ያለበት ገጽ መዝገቡን በከፈትኩ ቁጥር ይታየኛል። ውርጌሳ ስደርስ ዳገቱን ቀና ብዬ አይና ወደ ሌሎቹ መንደሮች እሄዳለሁ። በዚያ ክረምት ከሥራ ውጪ ከማንም ጋር ሳላወራ የዋልኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

ክረምቱ ወጥቶ አንድ የገበያ ቀን፣ የመርመሪያ ክፍሉ በር ተከፈተና ባልቴቷ ገቡ። ያለ መሪ፣ ያለ ዱላ ነበር የሚራመዱት። ዓይኗን በነጠላ ጫፍ የያዘች ጎረቤታቸውን ከኋላ አስከትለዋል።

«አሰላሙ አለይኩም። ይህችን እይልኝ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረው «እጇ ቀላል ነው፤ አያሳምምሽም። ግን ምን እንዳየች ጠይቂያት። ደግመሽ ጠይቂያት» አሏት።

ሴትዮዋን ወደ መስኮቱ አዙሬ ባትሪዬን አበራሁ። «ሦስት ፀጉር ታጥፏል። በግራው ዓይን ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ አለች፤ ትንሽ ናት፤ ዛሬውኑ ወደ ደሴ እጽፍልሻለሁ» አልኳት።

«ሌላስ?» አለች ሴትዮዋ፣ እንደታዘዘችው።

«ሌላ የለም።»

ባልቴቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ደብዳቤውን ጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ እስክሰጣት ጠበቁ። ሲወጡ በደህናው ዓይናቸው ፊቴን ትክ ብለው አዩት። «ከስተሻል» አሉኝ። ቤቴ ነይ ግን አላሉኝም፤ እኔም ልምጣ ወይ ብዬ ለመጠየቅ አፌ አልደፈረም።