የአናጢው ልጅና ጀሪካኗ

በምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት በስሟ የሚጠራት የለም። "ጭስ ማውጫ" ነው የሚሏት። ባሱኗን ገጣጥማ ደረቷ ላይ ስታቆመው ጫፉ ከጭንቅላቷ በላይ ይሄዳል፤ እውነትም ጭስ ማውጫ ይመስላል። ባሱን ማለት የሚነፋ ረጅም የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ ድምፁ የጎረነነ የሽማግሌ ድምፅ ነው። የሷው ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ድሮ የነበረችበት የሰልፍ ባንድ ሲበተን የተረፋት እሱ ብቻ ነው፤ ዝናቡንም ፀሐዩንም አብረው ጠግበዋል።

ሙዚቃ ልታጠና ኮሌጅ ስትገባ መምህሯ አዩትና ፊታቸው ተቋጠረ።

"ይሄ የልጆች መለማመጃ ነው። እኔ ጋ የሚነፋው እንጨት ነው" አሉ። ከዕቃ ቤት አንድ አሮጌ የእንጨት ባሱን አውጥተው አዋሷት። "የራስሽን እስክታገኚ በዚህ ሥሪ። ፕላስቲክ ይዞ ኦርኬስትራዬ ውስጥ የሚቀመጥ የለም።"

አባቷ አናጢ ነው። የፕላስቲክ ወንበር ገበያውን ከበላበት ወዲህ ፕላስቲክ ሲያይ ደሙ ይፈላል፤ ውሃ እንኳ በፕላስቲክ ኩባያ አይጠጣም። የእንጨቱን ባሱን ሲያይ በደስታ ሊያብድ ደረሰ።

"እሰይ! አሁን የኔ ልጅ መሰልሽ። ያንን ጀሪካን ጣይልኝ።"

"አባዬ ደግሞ፣ ጀሪካን አይደለም እኮ።"

"አፍ አለው፣ ሆድ አለው፣ ጀሪካን ለመሆን ምን ቀረው?"

ችግሩ የመለማመጃ ቦታ ነው። ቤታቸው ግድግዳው ስስ ነው፤ አንድ ጊዜ ከነፋች ጎረቤት በጡጫ ይደበድበዋል። ኮሌጁም ሥራዋን ጨርሳ እስክትደርስ ይቆለፋል። ያላት ቦታ የማጠቢያ ቤቱ ማድረቂያ ክፍል ነው። እዚያ እርጥብ አንሶላ ተሰቅሎ እንፋሎት ይተናል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ እሷም ከማሽኑ ጋር ትጮኻለች፤ የሚከፋው የለም። ልብስ ተኳሿ ብቻ አልፎ አልፎ "ጭስ ማውጫ፣ ዛሬስ ጭስሽ ወፍሯል!" ትላለች።

እውነት ለመናገር የእንጨቱን ወዳዋለች። ወደ ታች ሲወርድ ድምፁ ሆድ ውስጥ ይገባል። ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እንጨቱ ቀስ እያለ እንፋሎቱን ጠጣና አንድ ቀን አልፈታም አለ። እንደ ተገጣጠመ ተሸክማ ቤት ገባች።

አባቷ ሳቀባት። "አብጧላ! የክረምት በር አይተሽ አታውቂም?" ብሎ እያወዛወዘ ነቀለው። እንዲጠብቅ መገጣጠሚያው ላይ የተጠመጠመውን ክር "ይሄ ደግሞ የምን ቡትቶ ነው?" ብሎ ቆረጠና እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀው ጀመር።

"አባዬ፣ ቆይ መምህሩን ልጠይቅ።"

"በእንጨት ጉዳይ ከኔ በላይ ማን ይጠየቃል?"

ሲጨርስ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ አለለት፤ ደስ አለው። ይቺ የአናጢ ስህተት ናት። በክረምት አብጦ የላጉት በር በበጋ ይኮማተርና ብርሃን ያስገባል፤ እሱ ራሱ ስንቱን ደንበኛ በዚህ አስቀይሟል።

የእንጨቱን ይድረቅ ብላ ቤት አሳረፈችውና በጀሪካኑ ስትለማመድ ሰነበተች። የኦርኬስትራው ልምምድ ቀን ግን ልቧ ስለ ጠረጠረ ሁለቱንም ይዛ ሄደች። አዳራሹ ደረቅ ነው። ቦታዋ ላይ ተቀምጣ የእንጨቱን ገጣጥማ ቀና ስታደርገው የታችኛው ክፍል ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሰው ሁሉ ዞረ።

"ማነው የነካው?" አሉ መምህሩ አንስተው እያገላበጡ።

"አባቴ። አብጦ ነበር… እንፋሎት ውስጥ ነው የምለማመደው።"

"እንጨት እንፋሎት ውስጥ?!"

"ሌላ ቦታ የለኝም።"

ሰው ፊት መናገር አትወድም፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። እጇ ግን የፕላስቲኩን አውጥቶ መግጠም ጀምሯል።

"ነግሬሻለሁ። በፕላስቲክ እዚህ አይቀመጥም። ተነሺ።"

"አልነሳም" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ። "የተቀመጥንበት ወንበር ሁሉ ፕላስቲክ ነው፣ መምህር። ተጠይፎት የቆመ ሰው አላየሁም።"

ከበሮ መቺው ሳቁን መያዝ አቅቶት ዱላው ወደቀበት። መምህሩ ሳያስቡት የራሳቸውን ወንበር አዩ። አልሳቁም።

"ንፊ እስቲ።"

ነፋች። እስከ መጨረሻው ነፋች።

"ታችኛው ድምፅ ሳስቷል" አሉ።

"አውቃለሁ። እዚያ ላይ የእንጨቱ ይበልጣል። ግን እኔ የምኖርበት ቦታ እንጨቱ አይኖርም። ይሄ ይኖራል። እኔም ከዚህ ወንበር አልነሳም።"

መምህሩ የተጎዳውን እንጨት በጨርቅ ጠቀለሉ። "እሺ። ያ ድምፅ እስኪወፍር ግን አለቅሽም። አስለቅስሻለሁ።"

"አይልቀቁኝ።"

ቤት ስትደርስ አባቷ ደጃፉ ላይ ጣውላ ይልጋል። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። መላጊያውን አስቀመጠ።

"ወይ ጣጣ! አበላሸሁብሽ በይኛ… እና በጀሪካኑ ነው የነፋሽው?"

"በጀሪካኑ።"

"ተነሺ ሲሉሽ?"

"አልተነሳሁም።"

"በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ ፕላስቲክ ታቅፈሽ… የኔ ልጅ!"

"ያንተው ልጅ፣ አባዬ። ግትርነቱን ከየት ያመጣሁት ይመስልሃል?" አለችና ጀሪካኗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ማድረቂያው ክፍል ሄደች።