ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ሰው

የጠፉ ሰዎችን በምታፈላልግ አንዲት ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የምትሠራው መዝጋቢ አንድ ልማድ ነበራት። ቤተሰብ የነገራትን መጀመሪያ በወረቀት ትጽፋለች፣ ወደ ኮምፒውተር ታስገባለች፣ ከዚያ ወረቀቱን ጓሮ ወስዳ በርሜል ውስጥ ታቃጥለዋለች። ፈታሾች ድንገት ቢመጡ ወረቀት ሰው ያስይዛል፤ ኮምፒውተሩ ግን ቁልፍ አለው ትል ነበር። ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ አልጠየቀችም። ሞኝ አትበሏት፤ ማናችን ጠይቀን እናውቃለን?

አንድ ሰኞ ጠዋት መዝገቡን የሚይዘው ፕሮግራም አላስገባም አላት። መረጃው በሙሉ የተቀመጠው ባሕር ማዶ፣ ሻጩ ኩባንያ ዘንድ ነበር። የሁለቱ አገሮች መንግሥታት ተኳርፈው ኩባንያው ለዚህ አገር አገልግሎቱን አቋርጧል። ደብዳቤ ተጻፈ፣ ስልክ ተደወለ፣ ወይ ፍንክች!

ኃላፊው አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ አስመጡ። ሲናገር ሁሉ “ኮዱ ክፍት ነው” ስለሚል ቢሮው ውስጥ አቶ ክፍት የሚል ስም ወጣለት።

“እትዬ፣ ይኸኛው ክፍያ የለው፣ ምን የለው። ውስጡን ማንም ያየዋል። መረጃውም እዚሁ መደርደሪያችሁ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከእንግዲህ ከውጭ ሆኖ የሚዘጋባችሁ የለም።”

“ምነው ወንድሜ፣ ትንሽ ቀደም ብትል ኖሮ” አለችው።

አዲሱ ፕሮግራም ተጫነ። ባዶ ነበር። የተመዘገቡት ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ፤ የተገኙትን ቤተሰቦች እየጠየቀች፣ የቀረውን ከአእምሮዋ እየጨመቀች ጻፈች። በሦስተኛው ወር አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ቢጫ ሹራቡን ታስታውሳለች፣ አገጩ ላይ ያለውን ጠባሳ ታስታውሳለች፣ ጫማውን ሲያስር ያፏጫል መባሉን ሳይቀር ታስታውሳለች። ስሙ ግን የለም። እናቱ ስልክ አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲህ ቢጫ ሹራብ ይከተላት ጀመር። አውቶቡስ ላይ ከፊቷ ይቀመጣል፤ ደረጃ ስትወጣ ከኋላዋ ፉጨት ትሰማለች፤ ዞር ስትል ማንም የለም። ፈራች። ፍርሃቷን ለእህቷ ነገረቻት።

“እንቅልፍ አጥተሽ ነው” አለቻት እህቷ።

“ስሙን በእጄ አቃጥዬ እንዴት ልተኛ?”

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የቢሮው በር ተንኳኳ። በምርኩዝ የቆሙትን እናት ገና ከአንገታቸው ቀና ሲሉ ለየቻቸው። ወንበሯን ገፍታ ተነሣችና እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው፤ ደስታዋ እንባ ሆነባት።

“እማማ፣ እግዜር ነው ያመጣዎት! የልጅዎን ስም ይንገሩኝ።”

እናትየው ብዙ አሰቡ። ከዚያ እንደ ማፈር ብለው ፈገግ አሉ።

“እሱንማ አንቺ ጋ አስመዝግቤ የለ፣ ልጄ? ሰሞኑን ነገር እየጠፋብኝ ነው። ስሙን እንድትነግሪኝ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት።”

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ፕሮግራሙ ምንም ሳይከለክላት ተከፈተ። የስሙ ቦታ ባዶ የቀረውን የመጨረሻውን መስመር አነበበችላቸው።

“ቢጫ ሹራብ ለብሶ ነበር፣ እማማ። አገጩ ላይ ጠባሳ አለው።”

“እሰይ! እሱ ነው” አሉ እናትየው፣ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው። “እሺ፣ ስሙስ?”