ቀስ ብሎ የበረደው ምድጃ

እታለም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች የምትሠራበት የጡብ መተኮሻ ምድጃ ተደረመሰባት። ባለቤቱ ገዢ ቆሞበት ቸኩሎ ነበር። «ገና ትኩስ ነው፣ ቆዩ» አለች፤ የሰማት የለም። በሩ ሲከፈት ብርድ ገባበትና ጣሪያው ተሰንጥቆ ወረደ። ከፍርስራሹ በሕይወት ትወጣለች ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ወጣች። ግራ እጇ ግን ከዚያ ወዲያ ተዘርግቶ አያውቅም። እናት አባት ስላልነበሩን፣ እኔን ታናሿን ያሳደገችኝ በዚያው እጅ ነው።

ዓመታት አልፈው፣ አገሩ ሁሉ በኮምፒውተር ቺፕ ሥራ ሲሽቀዳደም፣ የእኛም መንግሥት «አንቀርም» ብሎ ፋብሪካ ከፈተ። እኔ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ገባሁ። እሷም ልትቀጠር ስትመጣ የፈተናት ሰው «ምድጃ ታውቂያለሽ?» አላት።

«እሱ ያውቀኛል» ብላ እጇን አሳየችው። ሳቀና ቀጠራት።

የእሷ ምድጃ አራት ረጃጅም የኳርትዝ ቱቦዎች ነበሩት፤ ከመስታወት የጠሩ። ቺፕ የሚሠራባቸው ስስ የሲሊከን ዝርጎች እነሱ ውስጥ ገብተው ይግላሉ። ሁላችንም ከዓይናችን በቀር ሁሉን የሚሸፍን ነጭ ቱታ ስለምንለብስ የምንተዋወቀው በአካሄድ ነበር። እታለም ቀኝ ትከሻዋን አስቀድማ ስትመጣ ከሩቅ እለያታለሁ። የአየር ማራገቢያው እምም የሚል ድምፅ፣ የዚያ ክፍል ቢጫ ብርሃን፣ በሻይ ሰዓት «እትዬ ምድጃ፣ ዛሬስ አልፈላሽም?» እያሉ የሚቀልዱባት ልጆች፤ ዛሬም ከእኔ አልጠፉም።

ኋላ ሌሎቹ አገሮች ጥለውን ሄዱ። መንግሥት ሩጫው አደከመውና ፋብሪካውን ለኩባንያ ሸጠው። በርክክቡ ሰሞን ሥራ ቆሞ ምድጃው ባዶውን ይግል ነበር።

«እኛ የሸጥነውን ለምን እናሙቅ?» አሉ የመንግሥቱ ሥራ አስኪያጅ።

«እኛስ ገና ያልተረከብነውን?» አለ የኩባንያው ተወካይ፣ ቀጭን ጎልማሳ።

«ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው» አለ አንዱ ባልደረባችን ከኋላ።

«ሣርማ መልሶ ይበቅላል» አለች እታለም። «ቱቦ አይበቅልም።»

እውነቷን ነው። ለዓመታት የጋለ ቱቦ በድንገት ከበረደ ይሰነጠቃል። ቱቦ የሚሠሩት አገሮች ደግሞ ያን ጊዜ ተወዳዳሪዎቻችን ሆነው ስለነበር ሌላ አይሸጡልንም። ቱቦው ከሌለ ፋብሪካው የለም፤ እኛም የለንም።

ይጥፋ ተባለ። ዋናውን ማብሪያ እንዳወርድ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። እጄን ስዘረጋ እታለም መሃል ገባች።

«አንተ፣ እጅህን ትሰበስባለህ ወይስ ልሰብስብልህ?»

«እታለም፣ ታዝዤ እኮ ነው!»

«እኔ ነኝ ያሳደግሁህ፣ እሳቸው አይደሉም።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ወደ ሁለቱ ዞረች። «ይጥፋ ካላችሁ ይጥፋ። ግን ቆዩ። ቀስ ብሎ ይውረድ፣ እኔ ላውርደው።»

«ምን ያህል ይፈጃል፣ እናቴ?» አላት ተወካዩ።

«እሱ በቃኝ እስኪል፣ ልጄ።»

ሥራ አስኪያጁ ተወካዩን አዩት፤ እሱም እሳቸውን። የመብራቱን ሒሳብ እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። በርክክቡ ሁሉ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ወንበር አስመጥታ ምድጃው ፊት ተቀመጠች። ሙቀቱን ትንሽ ትቀንሳለች፣ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ትቀንሳለች። መጨረሻ ላይ አንዱ ቱቦ «ቃ!» ብሎ ተሰነጠቀ። ሁላችንም ደነገጥን፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ገለጠችና ሥራዋን ቀጠለች። ሦስቱ በደህና በረዱ። ኩባንያው ፋብሪካውን መልሶ ያስነሣው በእነዚያ በሦስቱ ነው። የአራተኛው ቦታ እሷ ጡረታ እስክትወጣ ባዶውን ኖረ።

ፋብሪካው ኋላ ተዘግቶ ዛሬ የዕቃ መጋዘን ሆኗል። በዚያ ሳልፍ ማራገቢያው የሚሰማኝ ይመስለኛል። በቀደም ከጎኗ ተቀምጬ «እታለም፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን የሚበልጥብሽ የቱ ነው? ቱቦዎቹ መትረፋቸው?» አልኳት።

ያችን ግራ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«ቱቦ ምን ይሆናል፣ ዕቃ ነው። ልጅ ሆኜ ‘ቆዩ’ ብዬ የቆመልኝ አልነበረም። እዚያ ‘ቆዩ’ አልኩ፣ ሁሉም ቆመ። እኔ የኖርኩት ለዚያች ቀን ነው።»