አዳዳ ለሽማግሌዎቹ የነገረችው

አባቴም ታናሽ ወንድሙም የሞቱት በገዛ እጃቸው ነው። በዘመዶቻችን አፍ ግን ሁለቱንም የገደላቸው ወባ ነበር። አሰላ ብርድ አገር ስለሆነች ወባ የሚይዘው ቆላ የወረደ ሰው ነውና፣ «ኦጎልቾ ወርደው ነው የያዛቸው» ይባላል። አጎቴ እኮ ኦጎልቾን በዓይኑ አይቶ አያውቅም! ሰፈርተኛው ፊታችን «ወባ ክፉ ነው» እያለ ያጽናናናል፤ ዞር ሲል ደግሞ «በዘራቸው አለ» ይላል።

ያሳደገችን የአባቴ እህት፣ አዳዳ የምንላት፣ ያንን ወባ አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም። አንዳችን ዝም ዝም ካልን ሥራዋን ትታ አጠገባችን ትቀመጥና፣ «ክፉ ሐሳብ መጣብህ ወይ?» ብላ ፊት ለፊት ትጠይቃለች። ጎረቤቶች ሟርት ነው ይሉ ነበር። እኔ ግን እንደ እሷ ያለ ደፋር ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ንጉሡ ሳይወርዱ፣ ታላቅ እህቴን ለአንድ የኢተያ እህል ነጋዴ ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። እህቴ ልጁን ወዳዋለች፤ ጓዳ ሆና ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች። እንደ አገሩ ደንብ ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ። አባታችን ላይ ሲደርሱ ትልቁ ሽማግሌ፣ «እሳቸውስ በምን አረፉ?» አሉ። ዘመዶቻችን ወባውን ሊጠሩ ሲሉ አዳዳ ቀደመቻቸው።

«ራሱን አጥፍቶ ነው። ሌላው ወንድሜም እንዲሁ። አባታችን፣ የልጆቹ አያትም፣ ሞክሮ ነበር፤ ሰው ደርሶ አተረፈው። አዎ፣ በዘራችን አለ፤ ሁሉም ልጅ ላይ ግን አይወጣም። ቢመጣም ሰው ከጎን ካለ ያልፋል። እናንተም አውቃችሁ ውሰዷት።»

ሽማግሌዎቹ ሳይመርቁ ተነሡ። ዘመድ ሁሉ አዳዳን አኮረፈ፤ እህቴ ስታለቅስ ሰነበተች። ልጁ ግን «ከእሷ ሌላ አላገባም» ብሎ ሽማግሌዎቹን መልሶ ላካቸውና ኒካህ ታሰረ።

የበኩር ልጇን በወለደች ሰሞን አንድ የጭነት መኪና ደጃችን ቆመ። ባሏ ሕፃኑን በአንድ እጁ አቅፎ፣ እህቴን ከጋቢና ደግፎ አወረዳት።

«አዳዳ፣ እህል አትቀምስም፤ ልጁንም አታየውም» አለ። «ለደቂቃ ብቻዋን አልተውኳትም።»

አዳዳ አልጋዋን ለቀቀችላት፤ ሐኪም ቤትም አመላለሰቻት። እህቴ ዛሬ አያት ናት። ያ ሰው ወባውን ብቻ ሰምቶ ቢያገባት ኖሮ፣ አራስ ናት፣ ደክሟት ነው ብሎ በሩን ዘግቶላት ወደ ገበያው ይሄድ ነበር።