ለፈረሱ የጻፍኩት ማስጠንቀቂያ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። አንደኛ እኔ፤ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ቀሪውን ከመጽሐፍ የተማርኩ፣ ጎረቤት «ዶክተሩ» እያለ ሲያሾፍብኝ እንደ ምስጋና የምቆጥር ሰው። ሁለተኛ ባለቤቴ፤ መጽሐፍ አታነብም፣ ስለዚህ ሐሳቧን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ሦስተኛ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ፤ ቀኝ ዓይኗ የታመመው እሷ ናት። አራተኛ የባለቤቴ ወንድም፤ ራቤል ከተማ ላይ ሱቅ አለው፣ የማያውቀው ነገርም የለም። አምስተኛ ዘመሮ ከተማ ያለችው የእንስሳት ሐኪም። ስድስተኛ ፈረሳችን፤ ከቤተሰቡ ሁሉ ደህና ሕክምና ያገኘው እሱ ነው።

መጀመሪያ የታመመውም ፈረሱ ነው። ጭድ ሲበላ የገብስ ጢም ዓይኑን ወጋው። እኛ ዘንድ የከብት ዓይን ሲታመም ቅጠል አኝኮ «እንትፍ» ማለት የቆየ ነው። ስለ ንጽሕና ለሰው ሁሉ የምሰብከው እኔ፣ ቅጠሉን ሳላጥብ አኝኬ ተፋሁበት። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ዳመና ለበሰ። የፈረስ ሕክምና መጽሐፍ ስለሌለኝ ደነገጥኩና ወደ ዘመሮ ጎተትኩት።

ሐኪሟ ባትሪ አብርታ አየችው።

«ምን አደረጉበት?»

«ምንም።»

«አባባ፣ ዓይኑ ጥግ ላይ ቅጠል ተቀምጧል እኮ።»

ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን በጣቴ አነሳሁለት።

«ይሄ ሻጋታ ይመስላል» አለች። «ጭዱ ላይ የነበረው በቁስሉ ገብቶ ነው።»

«ሻጋታ የሚይዘው እንጀራን ነው» ብዬ ሳቅኩባት።

«እርጥብ ጭድስ አይሻግትም?»

«ይሻግታል።»

«ታዲያ ዓይን መቼ ደርቆ ያውቃል?»

ዓይኑን የማጥብበት መድኃኒት ሰጠችኝ። ልወጣ ስል ጠራችኝ። «ሰው ቅላት የሚያጠፋ ጠብታ ቢሰጥዎ እንዳይቀበሉ። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ቅላቱን ያጠፋል፣ ሻጋታውን ግን ያፋፋዋል።»

ደብተር አለኝ፤ ከፊት የሰው በሽታ፣ ከኋላ የከብት። ያለችኝን ቃል በቃል፣ በጥሩ ጽሕፈት፣ ከኋላ ጻፍኩት። ፈረሱን ጠዋትና ማታ ሳጥብ ሰነበትኩ፤ ዓይኑ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ቀርታ ዳነ።

ፈረሱን ገና እያጠብኩ ሳለ ነው የልጄ ተራ የደረሰው። አውድማ ላይ ገብሱን በላይዳ ወደ ነፋሱ ስትወረውር እብቁ ተመልሶ ፊቷ ላይ አረፈ። ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ሥራዋን ቀጠለች፤ እኔም በጎበዝነቷ አመሰገንኳት። በማግስቱ ዓይኗ በርበሬ መሰለ።

«ሐኪም ቤት ውሰዳት» አለች ባለቤቴ።

«የሰው ዓይን ነው። ይሄን አውቃለሁ» አልኳት።

በዚያው ሳምንት የባለቤቴ ወንድም ሊጠይቅ መጣ። ከኪሱ ግማሿ የቀረ የዓይን ጠብታ አወጣ። «እኔን ዓይኔን ሲያሳክከኝ ሐኪም ያዘዘልኝ ናት። ሁለት ቀን አይፈጅባትም፣ ትጠርገዋለች» አለ። ወረቀቷን ፈለግኩ፤ የለችም። ካርቶኗንም ጠየቅኩ፤ ጥሎታል። ብልቃጧ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ደግሞ እኔ ራሴን ካስተማርኩት በላይ ነበር። ይህን ግን በባለቤቴ ወንድም ፊት ማመን አልፈለግኩም። መነጽሬን አድርጌ ትንሽ አገላበጥኳትና «ጥሩ ናት» አልኩ።

በሁለት ቀን ቅላቱ ጠፋ። እኔም ለመንደሩ ስለ ንባብ ጥቅም ንግግር አደረግኩ።

«አባዬ፣ ቅላቱ ጠፋ እንጂ ያመኛል። ብርሃን ይወጋኛል» አለች ልጄ።

«ትምህርት ቤት ላለመሄድ ነው» አልኳት። ስለ ስንፍናም ግማሽ ሰዓት ያህል መከርኳት፤ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍና ሰማችኝ። ይህን ሳልጽፍ ባልፈው ደስ ባለኝ።

ጠብታዋን ሦስት ሳምንት አደረግንላት። በመጨረሻ ጥቁሩ ላይ ዱቄት የተበተነ የሚመስል ነጭ ነጥብ ወጣ፤ ነጥቡም ሰፋ።

ባለቤቴ ፈረሱን የማጥብበትን ጣሳ ከእጄ ነጠቀችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ፈረሱን በሦስተኛው ቀን ወሰድከው። ልጄን በስንተኛው ልትወስዳት ነው?»

በነጋታው ልጄን ይዤ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። የዓይን ሐኪሙ ዓይኗን አደንዝዞ ከነጩ ላይ በጥቂቱ ፋቀና በማይክሮስኮፕ አየው። ጠብታዋንም ተቀብሎኝ አነበበ።

«ፈንገስ ነው፣ አባት። ሻጋታ ይበሉት። ይቺ ጠብታ ደግሞ ስቴሮይድ አለባት፤ ቅላቱን...»

«ቅላቱን ታጠፋለች፣ ሻጋታውን ታፋፋዋለች» አልኩ፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ካወቁ ለምን አደረጉባት?»

«ለፈረስ ነው የጻፍኩት።»

አልሳቀም። ልጄ ግን ሳቀች፤ ከሳቋም ጋር እንባዋ ወረደ። እስከ ዛሬ የትኛው እንደቀደመ አላወቅኩም።

የፈንገሱን መድኃኒት ከአዲስ አበባ አስመጣን። በየሰዓቱ መጨመር ስላለበት ደብረ ብርሃን ቤርጎ ተከራይተን ከረምን። ሻጋታው ሞተ፣ ዓይኗም አልፈሰሰም። ነገር ግን ነጩ መሃል ላይ ቀረ፤ በቀኝ ዓይኗ የምታየው ጣት ስንት እንደሆነ ብቻ ነው፣ እሱንም ከቅርብ። የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ አለ ተብለን ተመዝግበናል፤ ተራው መቼ እንደሚደርስ የነገረን የለም።

ሂሳቡ ይኸው። ለአራት ብልቃጥ መድኃኒት አሥራ አራት ሺህ፣ ለምርመራ ሦስት ሺህ፣ ለመኪናና ለቤርጎ አሥራ ሦስት ሺህ ብር ወጣ። እኔ ሦስት በግ ሸጬ ሃያ ሰባት ሺህ ከፈልኩ። የባለቤቴ ወንድም ብዙ ከተከራከረ በኋላ ሦስት ሺህ አዋጣ። ልጄ የዓመቱን ፈተና አልደረሰችበትም። በድምሩ ሠላሳ ሺህ ብር፣ አንድ የትምህርት ዓመትና የልጄ ቀኝ ዓይን።