እልልታ በሐኪም ቤት

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ጉልበቴ ላይ ሰም የተንጠባጠበበት የሚመስል ነጣ ያለ ምልክት ወጣብኝ። ሲነኩት እንደ ቆርበት ይጠጥራል። እንጦጦ ማርያም መውጫ ላይ ያሉ ጎረቤቶቻችን «ቁምጥና ነው» ብለው ፈረዱ። ከሁሉ ያናደደችኝ ግን አብራን የምትኖረው አክስቴ ነች፤ ከገበታ ነጥላ ለብቻዬ ሳህን ሰጠችኝ።

እናቴ ከማንም ጋር ሳትከራከር ከተማ ወዳለ ሐኪም ቤት ይዛኝ ወረደች። ሐኪሙ «ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝና የጠጠረውን ቦታ በመርፌ ጠቅ አደረገው።

«አንተ ጨካኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ስለ ብልግናዬ ትቆጣኛለች ስል እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ቁምጥና የያዘው ገላ እንደሚደነዝዝ ታውቅ ነበር።

ሐኪሙ እየሳቀ አስረዳት። የጠጠረው እዚያች ቦታ ያለው ቆዳዬ ብቻ ነው፤ ወደ ሰው አይጋባም፤ ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። እስከዚያው ጉልበቴ እንዳይኮማተር በቅባት መታሸትና እግሬን ማንቀሳቀስ አለብኝ። ዳገት ደግሞ በደጃችን ሞልቷል! ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ማርያም ጸበል ድረስ እንወጣ ነበር። ቆዳዬ ከጊዜ ጋር ሲላላ እናቴ ጸበሉን አመሰገነች፣ እኔ ዳገቱን፤ በዚህ አልተጣላንም።

ከሐኪም በተመለስንበት ምሽት ግን አክስቴ ሳህኔን ለድመታችን ሰጥታ ከገበታው አስቀመጠችኝ። አፍራ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ስትዘረጋልኝ ጣቷን ነከስኳት።

«ውይ!» ብላ ጮኸች።

እናቴ እልል አለች። «ተመስገን፣ አንቺም ጤነኛ ነሽ!»