ዶክተር ሂርሲ እና የተካፈሉት ክኒን

ዶክተር ሂርሲን ለምታውቁ ሁሉ፦ የነርቭ ሐኪማችን ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ በጅጅጋ ቤታቸው አረፉ፤ ከዙህር ሶላት በኋላም ተቀበሩ። እኔ ከደሴ ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ በነርስነት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። መሞታቸውን ከሰማሁ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል፤ እሱን ልንገራችሁ።

እጅ የሚያንቀጠቅጠው የፓርኪንሰን ሕመም አእምሮን እየጎዳ እንዳይሄድ ይከላከል ይሆናል የተባለ ክኒን እንሞክር ነበር። ግማሹ ታማሚ ክኒኑን፣ ግማሹ መልኩ ያው የሆነ ግን መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ይወስዳል፤ ማን የትኛውን እንደሚውጥ እኛም አናውቅም። ታማሚዎች «ለእኔ እውነተኛውን ስጡኝ» እያሉ ዶክተርን ሲለማመጧቸው፣ «ወላሂ እኔም አላውቅም፤ ሐኪም አላውቅም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» እያሉ ያስቋቸው ነበር።

የቀብሪበያው የግመል ነጋዴ ሐጂ ኑር ከሁሉም የምናመሰግናቸው ተሳታፊ ነበሩ። የክኒን ብልቃጣቸው በቀኑ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። አንድ ቀን ቤታቸው ስንሄድ ግን ጎረቤታቸው አው እስማኤል አጠገባቸው ተቀምጠዋል፤ የእሳቸውም እጅ ይንቀጠቀጣል። ለካ የጠዋቱን ክኒን አንዱ፣ የማታውን ሌላው እየዋጡ ኖሯል። ሐጂ ምንም አላፈሩም። «ጎረቤቴ እየታመመ ብቻዬን ልዋጥ? ነውር አይደለም እንዴ?» አሉ።

እኔ ደሜ ፈላ። ዶክተር ግን ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና ሐጂን እንደ አጎት «አዴር» ብለው ጠሯቸው። «ደግ አደረጉ ብልዎ ደስ ባለኝ። ግን ይህ ክኒን ያድን እንደሆነ ይጎዳ እንደሆነ ገና አላወቅንም። የማናውቀውን ነገር ወዳጅ አናጎርስም» አሏቸው። አው እስማኤልንም መርምረው የተለመደውን መድኃኒት አዘዙላቸው።

በመኪና ስንመለስ ለመንኳቸው። ነገሩ ከታወቀ የጅጅጋው ጥናት ሊዘጋ ይችላል፤ ስንት ለፍተንበት! «ክኒኑ ጠፋ ብለን እንጻፍ፤ ማን ያያል?» አልኩ። አልተቆጡም። «ሲስተር፣ ነገ ይህን ክኒን አምኖ የሚውጠው ሰው ምን በደለን?» አሉኝ። ሪፖርቱን በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ «ከጎረቤት የታመመ መኖሩን አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው» የምትል መስመርም ጨመሩበት። ለወራት አዲስ ታማሚ እንዳንቀበል ታገድን። አኮረፍኳቸው፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

በመጨረሻ ውጤቱ መጣ፤ ክኒኑ አእምሮን አልጠበቀም። እኔ አለቀስኩ። እሳቸው ከቀብሪበያ እስከ ሐርተሼክ ቤት ለቤት ዞረው፣ «አልሠራም። የእናንተ ልፋት ግን ሌሎችን ከከንቱ ተስፋ አድኗል» ብለው ለእያንዳንዱ ነገሩ። በቀብሩ ዕለት ሐጂ ኑር፣ «መድኃኒቱ አልሠራም ሊለኝ ቤቴ ድረስ የመጣ ሐኪም እሱ ብቻ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ዶክተር፣ ሌላ ክኒን መሞከር ጀምረናል፤ ሪፖርቱን አሁን የምጽፈው እኔ ነኝ። በተቀበሩ ማግሥት ሐዘኑ ልቤን ሰውሮት አንዱን ታማሚ ለጥናቱ የሚያስፈልገውን ደም ሳልወስድ ሸኘሁት። ማንም አላየኝም። ግን ሪፖርቱ ላይ ጻፍኩት። አላህ ይዘንልዎ፣ አባቴ፤ ደህና ይረፉ።